አራት ጆሮ ያለው ኮምፕሬሰር

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊት ቀጠሮዬ ልጄ በስልኳ መኪና ጠራችልኝ። ሾፌሯ ሴት ነበረች፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ የምትነዳ ቀልጣፋ ሴት። ከላፍቶ ተነስተን ሀይሌ ጋርመንት ስንደርስ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል። ሚኒባሱም፣ አውቶቡሱም፣ ሲኖትራኩም አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ ቆሟል፤ ፀሐዩ ደግሞ የግንቦት ነው። «አባባ፣ ሞቀዎት አይደል? ኤሲ ልክፈትልዎት» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ አንዲት ቁልፍ ነካች። ቀዝቃዛ አየር መጥቶ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ መዳፌን የአየሩ መውጫ ላይ አደረግሁት። እውነትም ይቀዘቅዛል። እንዲህ በቀላሉ፣ በአንዲት ጣት። ሾፌሯ ዞር ብላ አየችኝና «በረደዎት እንዴ?» አለች። «አይ ልጄ፣ አልበረደኝም። አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት። ሰውየው ጎማ ይነፋ የነበረው፣ እኛ ከቆምንበት ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

የማወራችሁ ዘመን ሰው ካሴት በእስክሪብቶ የሚያጠነጥንበት ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ወታደሩ ወደየቤቱ የተበተነበት፣ ከየፋብሪካው ሠራተኛ የሚቀነስበት ሰሞን ነበር ብል ይበቃል። ዳቦ በስሙኒ ይገዛል፤ ማኪያቶ ከብር በታች ነው፤ ያውም አረፋው ከብርጭቆው አፍ አልፎ። ዛሬ የጀሞ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት መሬት ላይ ጤፍ ይታጨድ ነበር። ከጋርመንት ወደ ሀና ማርያም የሚሄደው መንገድ ኮረኮንች ስለነበረ ለጎማ ሠሪ እንጀራ፣ ለሾፌር ደግሞ መከራ ነበር። እኔ ከሰልባጅ የገዛኋትን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ሙቀትም ይሁን ዝናብ ከላዬ አላወልቃትም። ክርኗ ተልጧል፤ ኪሷ ግን ጥልቅ ነው፣ መፍቻም ካሴትም ይይዛል። በየታክሲው የሚዘፈነው ዘፈን ሁሉ ስለሄደች ልጅ ነበር። እኔ ግን ዘፈኑን ስሰማ የሚቆጨኝ የልጅቷ መሄድ አልነበረም፤ እሷስ መሄድ ችላለች እል ነበር።

ከፋብሪካ ሾፌርነት ስቀነስ የተሰጠችኝን ገንዘብ ሰብስቤ፣ በጅቡቲ በኩል የገባች ጃፓን ሠራሽ ነጭ አውቶሞቢል ገዝቼ በኮንትራት ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። ቤት ግን አልነበረኝም። የባለቤቴ የአስካለ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሙላቱ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ላፍቶ ላይ ሰፊ ግቢ አለው። «ሰርቪሷ ባዶ ከምትቀመጥ፣ እስክትቋቋሙ ድረስ ግቡባት» አለን። ለሦስት ወር ብለን የገባንባት አንድ ክፍል ውስጥ ልጃችን ተወለደች፣ ዳዴ አለች፣ ቆማ ሄደች። ክፍሏ አንዲት መስኮት ነበረቻት። ጋሽ ሙላቱ በመስኮቷ በኩል ያልተሸጠ ብሎኬትና ቆርቆሮ መደርደር ጀመረ፤ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ ብርሃን የሚገባን በበሩ ብቻ ሆነ። አስካለ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርታ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን ብሎኬት ትንሽ ዘወር ብናደርገው?» የሚለው ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እየመጣ ተመልሷል።

ጋሽ ሙላቱ ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ቀላል ነበር፤ ክፉ ሰው ጥለውት ይሄዳሉ። እሱ ግን አንድም ቀን «ውጡ» አላለንም፤ አንድም ቀን ኪራይ አልጠየቀንም። ብቻ ጠዋት ሲወጣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ። ሲመለስም ክላክስ ያደርጋል፣ እከፍታለሁ። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘኝም፤ የመጀመሪያው ቀን ቅርብ ስለነበርኩ ከፈትኩ፣ ከዚያ ሥራዬ ሆኖ ቀረ። «ታዬ፣ ወንድሜ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ጣልልኝ» ይለኛል። «ታዬ፣ እማማን ጸበል አድርሳት» ይለኛል። መኪናዋ የኔ፣ ቤንዚኑ የኔ፣ ቀኑ ግን የሱ ነው። በነጻ የሚኖር ሰው እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። አንዳንድ ቀን ደንበኛ ይዤ መሃል ከተማ ሳለሁ የሌላ መኪና ክላክስ ስሰማ ከመቀመጫዬ ብድግ ልል ይቃጣኝ ነበር።

አሁን ወደ ኮምፕሬሰሩ ልምጣ። ኮምፕሬሰር ማለት ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ፣ ሞተሩ በቺንጊያ እያዞረው የኤሲውን ጋዝ የሚገፋ ከባድ ብረት ነው። አዲስ አበባ ያን ጊዜ በኤሲ ታፌዝ ነበር። በጅቡቲ በኩል የገባ መኪና ሁሉ መጀመሪያ ጋራዥ ይወሰድና ኮምፕሬሰሩ ይወርዳል፤ በምትኩ አጠር ያለ ቺንጊያ ይገባለታል። «ሞተሩ ይቀለዋል፣ ቤንዚን አይበላም፤ ሲሞቅህ መስኮት ክፈት!» ነበር የመካኒኩ ሁሉ ምክር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እኔም ሲሉ ሰምቼ በገዛኋት በሳምንቷ በገዛ እጄ ፈታሁት። ቱቦዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ባሉበት ተውኳቸው። ኮምፕሬሰሩ ግን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ኮረኮንቹ ባነሳኝ ቁጥር እየተንኳኳ አላስቀምጥ አለኝ።

ከጋርመንት ወደ ሀና ማርያም ሲኬድ በስተግራ፣ አንዲት ሻይ ቤት አጠገብ ሃምሳ አለቃ ብርሃኑ የሚባል ጎሚስታ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰው አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ነው። ክራንቹን ብብቱ ስር ሰክቶ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የጭነት መኪና ጎማ በእጅ ፖምፓ ሲነፋ ማየት ያሳቅቃል። አንድ ቀን ጎማዬን ሊጠግን ሲፈታ ኮምፕሬሰሩን አየሁና «ቆይ እስቲ፣ ይሄ እኮ አየር ይገፋል» አልኩት። ከወፍጮ ቤት የወጣች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ፈለግን፤ መብራት ከሻይ ቤቷ ሳብን። ኮምፕሬሰሩን ወፍራም ጣውላ ላይ በብሎን አሰርኩት፣ ከቺንጊያው ጋር የሚያያይዘው ፍሪሲዮን እንዳይለቅ በሁለት ብሎን ቆለፍኩት፣ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር የአየር ማጠራቀሚያ አደረግንለት፣ ከላይ የሞተር ዘይት እያንጠባጠበ እንዲያጠጣው አሳየሁት። ሞተሯ ስትነሳ ታክ ታክ ታክ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ሃምሳ አለቃ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ምን ልክፈልህ?» አለኝ። «የምን ክፍያ! ላንተ ይሁን፤ እኔ ብጥለው ቆራሌው ነው የሚወስደው» አልኩት። ይህን ስናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ እንደነበር አልክድም። ሰጪ መሆን እንዴት ደስ ይላል! በኛ ግቢ ሰጪው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሃምሳ አለቃ ክላክሴን ሲሰማ ከተቀመጠበት ይነሳል። ሌላ ደንበኛ ያስቆምና የኔን ጎማ ያያል፤ ስሙኒዬን ስሰጠው እጄን ይመልሳል። ወዳጅነት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሊሞላን ሲል ግንቦት ላይ አንድ ወሬ ሰማሁ። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ድርጅት ለቆላው ሥራ መኪና ከነሾፌሩ ይከራያል። አዋሽ በኩል፣ ለሁለት ዓመት፣ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩበት ቤት ጭምር። ቤቱን በፎቶ አሳዩኝ፤ ሁለት መስኮትና የራሱ በር አለው። መኪና የምትመርጠው ወይዘሮ ሣራ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ነበረች። መኪናዬን ዞራ አየች፣ ጎማውን በጫማዋ ጫፍ ነካች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የኤሲውን ቁልፍ ጠመዘዘች። ከዚያ መዳፏን የአየሩ መውጫ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። «አቶ ታዬ፣ ይሄ ነፋስ ነው እንጂ ኤሲ አይደለም» አለችኝ። «እዚያ ታች ሙቀቱ ሰው ይጥላል። መኪናዎ ንጹሕ ነው፣ እርስዎም ጨዋ ሰው ነዎት። ሁለት ሳምንት ልጠብቅዎት፤ ከቀዘቀዘ ቦታው የእርስዎ ነው።» ቤት ገብቼ ለአስካለ ስነግራት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች። «ሁለት መስኮት?» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለጋሼ እንዳትነግረው። ከነገርነው እንቀራለን» አለችኝ።

በማግሥቱ ቄራ አካባቢ ያሉትን ጋራዦች አዳረስኩ። ኮምፕሬሰር አላችሁ ወይ ስላቸው ሳቁብኝ። «እሱን እኛ እንጥላለን እንጂ አንሸጥም» አለኝ አንዱ፣ ቱታው ላይ እጁን እየጠረገ። ከተማው ሁሉ ሲያወርድ ከርሞ አሁን የወረደው የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። ቆራሌው ሰብስቦ ለማቅለጫ ወስዶታል፤ ምናልባት የስንቱ ኮምፕሬሰር ብረት ድስት ሆኖ ወጥ ይሠራበታል።

ስለዚህ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራን ያላየ ሰው መኪና ስንት አካል እንዳለው አያውቅም። በር ለብቻው ተሰቅሏል፣ መብራት ለብቻው ተደርድሯል፣ መሪ እንደ ዳቦ ተከምሯል። ኮምፕሬሰሩ ይቀመጥበት የነበረውን ማቀፊያ ብረት ፈትቼ ለናሙና በፌስታል ይዣለሁ። ጀማል የሚባል የስልጤ ልጅ፣ ደላላ፣ ፌስታሌን ገና ከሩቅ አይቶ «ጋሼ፣ የታመመውን ይዘው መጡ ወይስ የሞተውን?» አለኝ። አሳየሁት። ብረቱን አገላብጦ አየና «አራት ጆሮ ነው» አለ። ጆሮ የሚሉት ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ነው፤ ኮምፕሬሰሩም አራት ጆሮ ያለው መሆን አለበት። ቀላል መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቀላል አልነበረም። አንዱ ሱቅ ያለው ሦስት ጆሮ ነው። ሌላው አራት ጆሮ አለው፣ ቺንጊያ የሚይዘው ፑሊ ግን ድርብ ነው፤ የኔ ነጠላ ነው። ሦስተኛው ጆሮውም ፑሊውም ልክ ሆኖ የቱቦው መውጫ በጀርባው በኩል ነው፤ የኔ ቱቦ ከላይ ነው የሚመጣው፣ አይደርስም። አራተኛው ሁሉም ልክ ሆኖ በእጅ ሲያዞሩት እንደ ድንጋይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። «ይሄንን ቶርኖ ቤት ወስደን እናስቆርጠዋለን»፣ «ያንን በይደን እንቀጥለዋለን» ይላል ባለሱቁ ሁሉ። ጀማል ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ «ጋሼ፣ ጋዝ ቀልድ አያውቅም፤ በበየዱት በኩል ይወጣል» እያለ ያስተወኛል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። በእያንዳንዱ ቀን ጠዋት በሩን ከፍቼ፣ የጋሽ ሙላቱን ልጆች ትምህርት ቤት ጥዬ፣ እየተጣደፍኩ መርካቶ እደርሳለሁ፤ ከሰዓት ልጆቹን ለማምጣት እየተጣደፍኩ እመለሳለሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ጋሽ ሙላቱ «ታዬ፣ ሰበታ የዘመድ ለቅሶ አለ፣ ታደርሰኛለህ» አለኝ። ሰበታ ውለን ተመለስን። በማግሥቱም ለሰልስቱ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምኩ የማላውቃቸውን ሐዘንተኞች ሳጽናና ልቤ ያለው ሶማሌ ተራ ነበር። አልቅሼ ነበር፤ ሰዎቹ ለሟች መሰላቸው።

ሳምንቱ እንዳለፈ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሆነና፣ ጀማል እየከለከለኝ አንዱን ገዛሁ። ጆሮው አራት ነው፣ ፑሊው ነጠላ ነው፣ ቱቦውም ከላይ ነው። ግቢ ውስጥ እንዳልሠራ ጋሽ ሙላቱ ይጠይቀኛል ብዬ መካኒሳ አንድ ዛፍ ስር አቁሜ ገጠምኩት። ሞተሩን ሳስነሳ ፑሊው የጣት ወርድ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ኖሮ ቺንጊያው ዘመም ብሎ ዞረ፤ ገና ዛፉን ሳልርቅ ጠርዙን በልቶ በጠሰው። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ጃኬቴ ላይ ስንት ጊዜ ቆየ። ይዤው ለጀማል ተመለስኩ። አልተቆጣኝም። ሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጠና ሻይ አዘዘልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «መኪናዎ ሲገባ የነበረው የራሱ ኮምፕሬሰር የት ሄደ?»

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እስከዚያች ሰዓት አላሰብኩትም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እውነቱን ልናገር፤ አስቤው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቤው ነበር። ሶማሌ ተራን ሳካልል የሰነበትኩት እዚያ ላለመሄድ ነው።

በማግሥቱ ቁጥር አሥራ አራት መፍቻ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ሃምሳ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ክላክሴን ሰምቶ ተነሳ። ታክ ታክ ታክ ይላል ኮምፕሬሰሩ። አንድ ካህን ብስክሌታቸውን ይዘው፣ ሁለት የአሸዋ መኪናዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። «ጎማ ትንሽ ጎድሎብኝ ነው» አልኩት። አራቱንም ነፋልኝ፤ ሄድኩ። በማግሥቱም መጣሁ። «አሁንም ጎደለ?» አለኝ። «የኋላው ይመስለኛል» አልኩት። ነፋልኝ፤ ሄድኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ለወይዘሮ ሣራ ቀጠሮ አራት ቀን ብቻ ቀርቶኛል። ጎማዎቼ እንደ ድንጋይ ጠጥረው ጠጠር በነኩ ቁጥር መኪናዋ ትዘላለች። ሃምሳ አለቃ አጎንብሶ አንዱን ጎማ በክራንቹ ጫፍ መታ መታ አደረገውና ቀና አለ።

«ታዬ፣ ከዚህ በላይ ብነፋው ይፈነዳል» አለኝ። «መፍቻዋን ከትናንት ወዲያ ነው ያየኋት፤ ከኪስህ አጮልቃለች። ስንት ቁጥር ናት?»

«አሥራ አራት» አልኩት።

«አሥራ አራት ትሆነዋለች» አለና ሞተሯን አጠፋት። ታክ ታክ የሚለው ድምፅ ሲቆም ሰፈሩ ጭር ያለ መሰለኝ። ስለ ቆላው፣ ስለ ሁለቱ መስኮቶች፣ ስለ ወይዘሮ ሣራ መዳፍ ነገርኩት። ሰማኝ። ከዚያ ተራ የያዙትን «ዛሬ አልቋል፣ ሌላ ጋ ሂዱ» ብሎ አሰናበተና ብሎኖቹን አብሮኝ ፈታ። ጨርሶም የደረቀውን ዘይት በቤንዚን አጥቦ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ሰጠኝ። «ዕቃው የራስህ ነው» አለኝ። ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሳሪስ ፍሪጅ የሚሠራ አቶ ፍቃዱ የሚባል ባለሙያ ነበር፤ ያን ጊዜ የመኪና ኤሲ የሚያውቀው እሱን መሰል ሰው ነው። ከተማው ውስጥ ያ ኮምፕሬሰር ብቻ ነበር ያለ ብየዳና ያለ ቶርኖ ከመኪናዬ ጋር ልክ የሚገጥመው። አራቱም ጆሮ ብሎኑን ያለ መዶሻ ተቀበለ፤ ቺንጊያው ቀጥ ብሎ ዞረ። አስካለም ልጃችንን አዝላ መጥታ ነበር። አቶ ፍቃዱ ጋዙን ሞላና «እስቲ እጅዎን ያድርጉ» አላት። መዳፏን ዘረጋች። ፊቷ በራ። «ቀዘቀዘ! ታዬ፣ ቀዘቀዘ!» አለች፤ የልጃችንንም ትንሽ እጅ ይዛ አየሩ ላይ አደረገችው። ያን ያህል ስትስቅ ከሠርጋችን ወዲህ አላየኋትም።

ደቂቃዎች አልፈጀም። አየሩ መጀመሪያ ለብ አለ፣ ቀጥሎ ሞቀ። አቶ ፍቃዱ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ አጠፋው፣ አወረደው፣ ከፈተው። ውስጡን በባትሪ አብርቶ አሳየኝ፤ ለስላሳ መሆን የነበረበት ብረት ድመት እንደቧጨረው ሁሉ ተጫጭሯል። «ይሄ ስንት ዘመን አቧራ ሲተነፍስ፣ የሞተር ዘይት ሲጠጣ የኖረ ነው» አለኝ። «ጎማ ለመንፋት ሌላ ሃያ ዓመት ያገለግላል። ጋዝ ግን ከእንግዲህ አይዝም።» ዘይቱን እንዲያጠጣው ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አስካለ የልጃችንን እጅ በነጠላዋ ጠቀለለችውና ወደ ታክሲ መያዣው ሄደች።

የወይዘሮ ሣራ ቀጠሮ በደረሰ ዕለት ድርጅቱ ቢሮ ሳይሆን ሃምሳ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ቢያንስ ያጎደልኩትን ልመልስ ብዬ ነበር። ክላክስ አደረግሁ። አልተነሳም። በእጅ ፖምፓ የአንድ አሮጌ ፒክአፕ ጎማ እየነፋ ነበር፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ። ኮምፕሬሰሩን አውርጄ እግሩ አጠገብ ሳስቀምጠው «መልሰው» አለኝ።

«ለመኪናዬ አልሆነም። ላንተ ግን ይሠራል። በአንድ ሰዓት እገጥምልሃለሁ።»

«እንደሚሠራ አውቃለሁ።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አልተቀየምኩህም፣ ታዬ። ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ ክላክስህን በሰማሁ ቁጥር ስነሳ ኖሬያለሁ። ያለኝ እግር አንድ ነው። ትከሻዬ ሊገነጠል ደርሷል፣ ግማሹ ደንበኛም ሄዷል። ግን ይኸው ሰሞኑን ማንም ቢመጣ አልተነሳሁም።»

ጎንበስ ብዬ ኮምፕሬሰሩን በጃኬቴ እጅጌ ጠረግሁት።

«ዋጋውን ንገረኝና ልግዛህ» አለኝ። «ስሙኒ በስሙኒ እከፍልሃለሁ። በነጻ ግን አልፈልገውም።»

እዚህ ላይ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የሚቆጨኝ። አንድ ቁጥር መጥራት ነበረብኝ፤ ሃምሳ ብርም ብል ሰውየው ነጻ ይወጣ ነበር። ግን ይሉኝታ የሚሉት ነገር ያዘኝ፤ አገር የሚለው ነው ከእኔም አፍ የወጣው። «ካንተማ ገንዘብ አልቀበልም! ምን አድርገኸኝ!» አልኩት፤ ደግሞም ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ፖምፓውን አነሳ። «እንግዲያው ይዘኸው ሂድ» አለኝ።

ላፍቶ ስደርስ ወርጄ የራሴን መኪና ለማስገባት በሩን ስከፍት ከኋላዬ ክላክስ ሰማሁ፤ ጋሽ ሙላቱ ነው። ኮምፕሬሰሩን አይቶ ሁሉንም ጠየቀኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። ትከሻዬን አቅፎ ሳቀ። «አንተ ሞኝ! ቤቱ ጠበባችሁ እንዴ? እናንተ ብትሄዱ በሩን ማን ይከፍትልኛል?» አለኝ። ፍቅር ነበር፤ እምላለሁ ፍቅር ነበር። የዚያኑ ዕለት ምሳ እሱ ቤት በላን። ጉርሻ አጎረሰኝ፤ ጉርሻው ትልቅ ነበር፣ መዋጥ አቃተኝ። «ጋሼ፣ ኪራይ ተቀበለኝ» ልለው ፈልጌ ነበር። ኪራይ ቢቀበለኝ ኖሮ በሩን አልከፍትም ነበር። ግን መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለሃምሳ አለቃ የሰጠሁት ያው መልስ ነው።

በዓመቱ መኪናዋን ሸጥኩ። አንድ ቀን ኮምፕሬሰሩን በጋሪ አስጭኜ፣ «መቶ ብር ነው፣ ሳንቲም አልቀንስም» ልል ተለማምጄ ሀና ማርያም መንገድ ሄጄ ነበር። ሃምሳ አለቃ አልነበረም። የት እንደሄደ የሻይ ቤቷ ባለቤት አላወቀችም፤ መሬቱ ላይ የጠቆረ ዘይት ብቻ ቀርቷል። አሁን እዚያ ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል።

ጋሽ ሙላቱ ካረፈ ቆይቷል፤ ግቢው የልጁ ነው። ትምህርት ቤት አመላልሰው የነበረው ልጅ ማለት ነው። እሱም እንደ አባቱ ደግ ነው፣ «ጋሽ ታዬ፣ እናንተ እስካላችሁ ቤቱ የእናንተ ነው» ይላል። አስካለ መስኮቱን አንስታ አታውቅም፤ መብራት ማብራቱን ለምዳዋለች። ከቀጠሮዬ የተመለስኩ ዕለት ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ ከውጭ ክላክስ ተሰማ። ተነሳሁ። ላፍቶ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ በሩን መልሶ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ከፈትኩና ኮምፕሬሰሩን በእግሬ ገፍቼ በሩን አስደገፍኩበት። ልጁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ተባረክልኝ፣ ጋሽ ታዬ» አለኝ። ከመኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝና አልፎ ገባ።